በጥፍር ቀለም የተሰመረው ካርታ

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። የአንደኛ ዓመት የጽሕፈት መምህራችን «ያለፈውን አንድ ዘመን አስታውሳችሁ ጻፉ» ባሉን ቀን አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ወዲያው ብዕር አነሱ። ልጆች የምላቸው አብዛኞቹ የታናሽ እህቴን ልጅ ስለሚያክሉ ነው፤ እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። አንዷ ስለ ጦርነቱ ጻፈች፤ ሌላዋ ወደቡ ስለፈነዳበት ቀን። የእኔ ነገር ግን የአንድ አሮጌ የካርታ መጽሐፍና የአንዲት ጠርሙስ ቀይ የጥፍር ቀለም ነገር ነው። ማንም አልሞተበትም፤ ማንም ታዋቂ አልሆነበትም። ለመምህሩ የማይመጥን ነገር እንዳላቀርብ ፈርቼ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ባለፈው ማክሰኞ ግን ከሥራ ወጥቼ፣ ለሥራ በመጣሁበት ዐረብ አገር በቡርጅ ሐሙድ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ሳልፍ፣ ኤርትራዊቷ ጓደኛዬ ለተብርሃን እስካለፈው ወር ትሠራበት ከነበረው የፀጉር ቤት የጥፍር ቀለምና የአሴቶን ሽታ ወጥቶ ያዘኝ። አሁን ሌላ ወጣት ልጅ ናት የያዘችው። «ግቢ፣ ቦታ አለ» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ካርታ ትዝ ብሎኝ ነው የቆምኩት ብላት ትስቅብኛለች። ዞሬ ቤቴ ሄድኩና መጻፍ ጀመርኩ።

ያኔ ዶላር በሺህ አምስት መቶ ሊራ የታሰረበት ዘመን ነበር፤ ከዚያ ንቅንቅ የሚል አይመስለንም ነበር። ሰርቪስ፣ ማለቴ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ተጋርተን የምንሳፈርበት ታክሲ፣ ሁለት ሺህ ሊራ ነበር። ዛዕተር የሚሉት ቅመም የተቀባ ትኩስ ቂጣ፣ መንኡሼ፣ ሺህ አምስት መቶ። እኔ ሲን ኤል ፊል፣ አሠሪዬ ማዳሜ ቤት ነበር የምሠራውና የማድረው፤ ከዚያ እስከ ቡርጅ ሐሙድ በእግር ስለምሄድ የሰርቪሱን ለመንኡሼ አደርገው ነበር። እሑድ እሑድ መንገዱ ሁሉ አማርኛ ይሆናል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ነጠላቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው፣ ወጣቶቹ ጠባብ ጂንስ ለብሰው ወርቃማ ቀበቶ ታጥቀው፣ ፀጉራቸውን ካስክ የገቡት ደግሞ በሩ ላይ ወጥተው ጆሯቸው ቀልቶ ይቆማሉ። ከአንዱ ፎቅ ያው አንድ የትከሻ ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ይደጋገማል። ዛሬ ያን ዘፈን ብሰማው ግጥሙን አላስታውሰውም፤ ከሥሩ ይሰማ የነበረውን የጄኔሬተር ድምፅ ግን አስታውሰዋለሁ።

በዚያ መንገድ፣ ከለተብርሃን ፀጉር ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰባት ሴቶች ሆነን ለእሑድ ብቻ የተከራየናት ክፍል ነበረችን። አምስቱ መጥተው ተኝተው ይሄዳሉ፤ እንቅልፍ ያጡ ስለነበሩ አይፈረድባቸውም። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ግን እናጠና ነበር። እትዬ ዘነቡ የሁላችንም ታላቅ ናቸው፤ ኮምቦልቻ ሦስተኛ ክፍል ያስተምሩ ነበር፤ ልጆቻቸውን ሊያሳድጉ መጥተው ሐምራ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ አሮጊት ይጠብቁ ነበር። ሰዓዳ የወሎ ልጅ ናት፤ ኦዛይ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ወርክሾፕ ባለው ሰውዬ ቤት ትሠራለች። አፏ ስለት ነው።

የምናጠናው ለፈተና ነበር። ለውጭ አገር ሠራተኞች የሚያስተምር አንድ ኮሌጅ ተከፍቶ ነበር፤ መግቢያ ፈተናው ሁለት ወረቀት ነው፤ እንግሊዝኛ፣ እና ወቅታዊ ጉዳይና የዓለም ጂኦግራፊ። አንድ ሰው መቀመጥ የሚችለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ጋይንት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ነጥብ አልመጣልኝም። ከዚያ ወዲህ በያዝኩት ወረቀት ሁሉ ላይ፣ በመኖሪያ ፈቃዴ በኢቃማዬም ላይ፣ ስለ እኔ የተጻፈው «ሠራተኛ» የሚል ብቻ ነበር። ሥራዬን አላፍርበትም። ግን «ተማሪ» የሚል አንድ ካርድ ከስሜ አጠገብ ማየት ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። እትዬ ዘነቡና ሰዓዳ ሊፈተኑ አላሰቡም፤ እኔን ለማስገባት ነበር የሚደክሙት።

የካርታውን መጽሐፍ ያገኘሁት ለፋሲካ ቤት ስናጸዳ ነው። ማዳሜ ከላይኛው መደርደሪያ የሚጣለውን እያወረደች ስትሰጠኝ አንድ ትልቅ፣ አረንጓዴ ልባስ ያለው፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ መጽሐፍ መጣ።

«ማዳም፣ ይሄን ልውሰደው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ላጠናበት።»

ማዳሜ አቧራውን እፍ አለችና «ውሰጂው ሐቢብቲ። እኔ ተማሪ ሆኜ የያዝኩት ነው» አለችኝ።

«መርሲ ማዳም» ብዬ እንደ ሕፃን አቅፌ ወጣሁ። ማዳሜ ስልሳ ዓመት እንዳለፋት በዚያች ሰዓት ትዝ ቢለኝ፣ ይህ ጽሑፍ ባልኖረ ነበር።

ሰባት ወር አጠናነው። እትዬ ዘነቡ የላቲኑን ፊደል እያነበቡ በአማርኛ ያጽፉኛል፤ እኔ ሲን ኤል ፊል ልብስ እየተኮስኩ በልቤ እደጋግመዋለሁ። የምሥራቅ ጀርመን ዋና ከተማ፣ የምዕራብ ጀርመን ዋና ከተማ። የሰሜን የመን፣ የደቡብ የመን። ዩጎዝላቪያ። ዛየር። የሶቪየት ኅብረት ትልልቅ ወንዞች። አንዳንዱ ጆሮዬን ይቆረቁረው ነበር። አንድ እሑድ ደፍሬ «እትዬ፣ ይሄ ሶቪየት የሚባለው አልፈረሰም እንዴ?» አልኳቸው።

«መፍረሱንስ ፈርሷል መሰለኝ» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ግን አራሚው መጽሐፍ ይዞ ነው የሚያርምሽ። ፈተና ላይ የተጻፈውን ነው የምትጽፊው፤ የሰማሽውን አይደለም። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፣ አውቃለሁ።»

ቀይ ባሕር ላይ ስንደርስ ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። መጽሐፉ ላይ የኢትዮጵያ ካርታ እስከ ባሕሩ ይወርዳል፤ ምጽዋና አሰብ በእኛ ቀለም ተቀብተዋል። ሰዓዳ ወለሉን በጣቷ እየጠቆመች «ታች ያለችው ለተብርሃን ትስማሽ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ደብተሬ ላይ ግን መጽሐፉ እንዳለው ጻፍኩት። ያደግሁት ታላቅ የተናገረውንና የተጻፈውን አክብሬ ነው። ሰው ቤት ስገባ ደግሞ ማዳም ጨው በቅቶታል ካለች በቅቶታል።

ፈተናው እሑድ ነበር። ጧት ለተብርሃን ፀጉሬን ሹሩባ ሠራችልኝ። የከረን ልጅ ናት፤ እጇ ፈጣን ነው፤ ስትሠራ ጭንቅላት ታስጎነብሳለች እንጂ አታስለቅስም። «አእምሮሽ እንዲከፈት ወደ ኋላ ነው የሠራሁልሽ» ብላ ገንዘብ አልቀበልም አለችኝ። ወጥቼ ስሄድ በመንገዱ ላይ ከሽቦው ጋር የተንጠለጠለው የአርመን ባንዲራ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣ ፊቴን ሊነካኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሰፈሩ የአርመኖች ነው፤ የቤታችንም ባለቤት አርመናዊ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ከዚያ ባንዲራ ሥር አልፌ ሄጄ፣ አርመን የምትባል አገር እንደሌለች ጻፍኩ። ከለተብርሃን እጅ ተነሥቼ ሄጄ፣ አሥመራ የኢትዮጵያ ከተማ ናት ብዬ ጻፍኩ። ሁለት የመን፣ ሁለት ጀርመን፣ አንድ ዩጎዝላቪያ። አንድም ጥያቄ አልዘለልኩም። ጽሕፈቴ በጣም ቆንጆ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አራሚዋ ወጣት መምህርት፣ ኡስታዛዋ፣ ለብቻዬ ጠራችኝ። ወረቀቴ ፊቷ ተዘርግቷል። በዐረብኛ ነበር የምናወራው።

«ማዳም ትርንጎ፣ ይህን ከየት አጠናሽው?»

«ከካርታ መጽሐፍ።»

«መጽሐፉን ከየት አገኘሽው?»

«ማዳሜ ልትጥለው ስትል።»

ፈገግታዋን ልትደብቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ያደረግሽው ሁሉ ትክክል ነው» አለችኝ፤ «ግን የድሮ ትክክል ነው። እኔ ሳልወለድ የነበረውን ዓለም ነው አሟልተሽ የጻፍሽልኝ።» ከዚያ ሳቋን ትታ «አንዲት ነገር ልጠይቅሽ። ኤርትራ አገር መሆኗን አታውቂም ነበር?» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«አንቺን ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው» ማለት አፍሬ ጫማዬን አየሁ። «አንድ ጊዜ ይቀርሻል» አለችኝ ስትሸኘኝ።

ክፍላችን ስደርስ እትዬ ዘነቡ ነገሩን ሰምተው አልጋው ላይ ተቀመጡ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ቀሩ። ሰዓዳ ግን ሳቋን መያዝ አቅቷት «አንቺ፣ አሁን ወርደሽ ለተብርሃንን ይቅርታ ጠይቂ። አገርሽን ሰርዤዋለሁ በያት» አለችኝ። የቀልዷን ነበር። እኔ ግን ከልቤ ወረድኩ።

ለተብርሃን ሰምታ ስትጨርስ ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

«የዚያን ጧት ፀጉርሽን የሠራው ማነው?»

«አንቺ።»

«የየት አገር ሰው ነኝ?»

«የከረን።»

«ከረንን የት አደረግሽው?»

«...እኛ ጋ።»

«ታዲያ እኔ ማነኝ?»

«መጽሐፉ እንደዚያ ስለሚል ነው» አልኳት።

«መጽሐፉ ሹሩባ ይሠራልሻል?» አለች። ካስክ ሥር የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። «አምጪው።»

መጽሐፉን አወረድኩላት። ጠረጴዛውን ጠርጋ ገለጠችውና ከመስታወቱ ሥር ቀይ የጥፍር ቀለም አንሥታ ክዳኑን ፈታች። ብሩሹን በጠርሙሱ አፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ ልክ የሙሽራ ጥፍር እንደምትቀባ፣ ከሱዳን ጫፍ ጀምራ እስከ ጅቡቲ ድረስ ሳታነሣ ሰመረችው። ልዘጋው ስል እጄን መታችኝ። «አልደረቀም።» ድንበሩ እስኪደርቅ ሁለታችንም እፍ እያልን ጠበቅን። ሲደርቅ «ሁለተኛ ብታጠፊኝ በምላጭ ነው የምሠራሽ» አለችኝ። ይቅርታዋ ይህ ነበር።

ካርታውን ማረም የጀመርነው እንዲህ ነው። አዲስ መጽሐፍ መግዛት ይቻል እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ ያኔ ግን ማናችንም አላነሣነውም። ይህ የእኛ ነበር። አርመናዊው የቤት ባለቤት ለተብርሃን ጋ ፂማቸውን ሊስተካከሉ በወረዱበት መነጽራቸውን አድርገው የአገራቸውን ቦታ በጣታቸው አሳዩን፤ በብርቱካን ቀለም ከበብነው፤ ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ቆዩ። ደቡብ ሱዳንን በሰማያዊ ለየናት። የተዋሐዱትን ደግሞ ለተብርሃን አሴቶን በነከረችው ጥጥ ድንበራቸውን ታጠፋዋለች። የጀርመኖቹ ቶሎ ለቀቀ። የየመን ላይ ስትደርስ ወረቀቱ ሳሳ። «ቀስ በይ፣ የመን ልትቀደድ ነው» አለች ሰዓዳ፤ ከዚያ ያለችው ነገር ራሷን ደነቃት። በዚያ ሰሞን የየመን ጦርነት ወሬ በየቤቱ ነበር።

ወቅታዊ ጉዳዩን ደግሞ እትዬ ዘነቡ ደንብ አወጡለት። በየሳምንቱ እያንዳንዳችን በምንሠራበት ቤት ቴሌቪዥን የሰማነውን አንድ ዜና ይዘን እንመጣለን። አቧራ የሚጠርግ ሰው ከሳሎን አያባርሩትም፤ ዜና ሲጀምር ሦስታችንም በሦስት ሰፈር ጨርቅ ይዘን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበርን። ማዳሜ አንድ ቀን «ትርንጎ፣ ያ ጠረጴዛ ከዚህ በላይ አይጸዳም» ብላኛለች። አንድ ሳምንት ሦስታችንም ያመጣነው ዜና አንድ ሆነ፤ በአንድ የባሕር ሰርጥ ላይ አንድ መርከብ ቆሟል። ሰዓዳ «ጀግኖቹ አስቆሙት» አለች። እኔ ሲን ኤል ፊል የሰማሁት «ወንበዴዎች አገቱት» የሚል ነበር። እትዬ ዘነቡ ደግሞ ሐምራ፣ ነጋዴው የቤቱ ልጅ ቡና እየጠጣ የሚያየው ጣቢያ ስለ ነዳጅ ዋጋ ብቻ ነበር ያወራው፤ መርከቡን ማን እንዳስቆመው አላነሣም። ተከራከርን። ሰዓዳ «የእናንተ ሰዎች ይዋሻሉ» አለችኝ። «የእኔ ሰዎች እነማን ናቸው?» አልኳት። የሁለታችንም ባልሆነ ቤት ተጣልተን ነበር።

እትዬ ዘነቡ ደብተሩን ወስደው ከሦስቱም ዜናዎች ፊት የሰፈሩን ስም ጻፉ። «ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «ዜና ያመጣ ሰው መጀመሪያ የማን ሳሎን እንደሆነ ይናገር። እኔም ተሳስቼ ነበር። መጽሐፉን ሳምን የማን መጽሐፍ ነው፣ የመቼ ነው ብዬ አልጠየቅሁም።» ከዚያ ወዲህ ሥጋ ቤት ወሬ ሰምታ የመጣች ሴት እንኳ ብትኖር ሰዓዳ «የማን ሳሎን?» ትላታለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ እኔ ከሌሎቹ አስበልጬ አልጽፈውም። ሊራው ወደቀ፤ ማዳሜ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆማ እያለቀሰች «ከእንግዲህ አልችልም» አለችኝና የመኖሪያ ወረቀቴን ወደ ሌላ ዋስ ስም አዛወረችልኝ፤ እኔም በሰዓት እየተከፈለኝ ቤት ማጽዳት ጀመርኩ። ኮሌጁ ተዘጋ። እትዬ ዘነቡ በወረርሽኙ በሩ ሁሉ በተዘጋበት ዓመት በተገኘው አውሮፕላን ኮምቦልቻ ገቡ። ወደቡ በፈነዳ ጊዜ የክፍላችን መስኮት ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ መጽሐፉ ፍራሹ ሥር ስለነበር ተረፈ፤ አረንጓዴው ልባስ ላይ ግን እስከ ዛሬ የመስታወት ጭረት አለበት። ሰዓዳ ቆየች፤ በመጨረሻ ከደቡብ ዳርቻ የሚሰማው የቦምብ ድምፅ ኦዛይ ሲደርስ አሠሪዎቿ ሸሹ፤ እሷም እኔ ጋ አሥር ቀን አድራ ወሎ ገባች። ስትሄድ የካርታውን መጽሐፍ እየጠቆመች «ድንበሮቹን ጠብቂ» አለችኝ። እየቀለደች መሆኑን ለማወቅ ፊቷን አየሁት፤ አልታወቀኝም።

እሑድ ግን አልቀረም። በስልክ ሆነ። ሰዓዳ ከደሴ ድምፅ ትልካለች፤ እትዬ ዘነቡ ከኮምቦልቻ። አሁን ሳሎኑ የራሳቸው ስለሆነ፣ ሰዓዳ ዜናዋን ስትጀምር «የራሴ ሳሎን» ትላለች፤ ቃሉን ረዘም አድርጋ። እኔ ብቻዬን ቡርጅ ሐሙድ ቁጭ ብዬ ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ኮሌጁ እንደገና እንደሚከፈት፣ ተፈትነው የወደቁም ያለቻቸውን አንድ ዕድል መጠቀም እንደሚችሉ የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ፈራሁ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ብወድቅ ያ በር ለዘለዓለም ይዘጋል። ለሰዓዳ ነገርኳት። «ሩሒ፣ ሂጂ፤ ስትወድቂ ምን እንደሚመስል አይተሽዋል» አለችኝ። «ስታልፊ ምን እንደሚመስል ነው ያላየሽው።»

የፈተናው ጧት ለተብርሃን ጋ ገባሁ። ዋጋዋ አሁን በዶላር ነው፤ ከእኔ አልተቀበለችም። እንደ ያኔው ወደ ኋላ ሠራችኝ። ጨርሳ አንገቴን ስታራግፍ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«ማነኝ?»

«ኤርትራዊት።»

«ዋና ከተማዬ?»

«አሥመራ። ወደቦችሽ ምጽዋና አሰብ።»

«ኸላስ። ያላ፣ ሂጂ።»

የመጀመሪያው ክፍል የቀይ ባሕርን አዋሳኝ አገሮች ጻፉ ይላል። አይኔን ጨፍኜ ያን የደረቀ ቀይ መስመር አየሁት፤ በጣት ሲነካ ከወረቀቱ ከፍ ያለ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ረጅም ነበር፤ አንድ ዓለም አቀፍ ክስተት በየአገሩ የተለያየ ዜና የሚሆነው ለምን እንደሆነ በምሳሌ አስረዱ ይላል። የድሮ ልማዴ መጣብኝ፤ አራሚዋ ምን ብጽፍ ደስ ይላት ይሆን አልኩ። ከዚያ ተውኩት። ስለ ሦስት ሳሎኖች ጻፍኩ፤ በአንድ ቀን ጨርቅ ስለያዙ ሦስት ሴቶች፣ ስለ አንዲት መርከብም። በየትኛውም መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር በፈተና ወረቀት ላይ ስጽፍ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ጽሕፈቴ ግን እንደ ያኔው ቆንጆ አልሆነም።

ካርዴን፣ «ተማሪ» የሚለውን፣ ከክረምቱ በኋላ ነው የሰጡኝ። ለተብርሃንም ባለፈው ወር የስደተኛ ጉዳይዋ አልቆላት ወደ ሰሜን አውሮፓ ሄደች፤ የላከችልኝን የከተማ ስም ካርታው ላይ ፈልጌ አንድ ቀይ ነጥብ አድርጌበታለሁ። ለእኔ ግን ነገሩ ያለቀው ያኔ፣ ወረቀቱን አስረክቤ በእግሬ ቡርጅ ሐሙድ ስመለስ ነው። ለተብርሃን ማድረቂያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ምን ጠየቁ?»

«የቀይ ባሕርን አገሮች።»

«ታዲያ እኔን?»

«መጀመሪያ ላይ ጻፍኩሽ» አልኳት።

ቅዳሜ ነበር፤ ሰኔ ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት።